በሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት የአፍሪካ ዲያስፖራን የእምነት ጥበብ ስታሳዩ

ኒው ዮርክ፣ ሃርለም ውስጥ ሾምበርግ ማእከል የሚባል ቤተ መጻሕፍት አለ። እዚያ ወለሉ ላይ አንድ ትልቅ ክብ ታያላችሁ። በነሐስ መስመርና በቀለም የተሠራ ነው። ስሙ «ወንዞች» ይባላል። ሂውስተን ኮንዊል የተባለ አርቲስት ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የሠራውና በ1991 የተጠናቀቀ ነው (ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። መነሻው የኮንጎ ሕዝብ የሕይወትንና የሞትን ዑደት የሚሥልበት ክብ ነው። ከሥሩ የገጣሚው የላንግስተን ሂውዝ አመድ ተቀብሯል። መጀመሪያ ቀን ይህን ሲነግሩኝ እግሬን ሰበሰብኩ።

ቦታው ቤተ መጻሕፍት ነው፣ የጥበብ ሥራ ነው፣ መቃብርም ነው። ሦስቱ አልተጣሉም። እኔ በምኖርበት አካባቢ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ በበጎ ፈቃድ ኤግዚቢሽን ሳሰናዳ ያ ክብ ከሐሳቤ አይጠፋም። የእምነት ዕቃ መስታወት ውስጥ ገባ ተብሎ ለባለቤቱ ተራ ዕቃ አይሆንም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚነሣ ነው።

ጭብጡን አጥብቡት

«የአፍሪካ ዲያስፖራ ጥበብና እምነት» ብላችሁ ብቻ ከጀመራችሁ ሥራው ያመልጣችኋል። ብራዚል ብቻውን አንድ ዓለም ነው። ኩባ ሌላ፣ ሃይቲ ሌላ፣ የአሜሪካ ደቡብ ሌላ። አንድ ክር ምረጡና እሱን ይዛችሁ ሂዱ።

ለምሳሌ ውሃ። የምዕራብ አፍሪካው የዮሩባ ሕዝብ የሚያከብራት የውሃ መንፈስ «የሞጃ» ከባሪያ ንግዱ ተጎጂዎች ጋር አትላንቲክን ተሻግራለች። ኩባ «የማያ» ይሏታል፣ ብራዚል «የማንጃ»። ሳልቫዶር ከተማ ላይ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ቀን ሕዝቡ አበባና ሽቶ ይዞ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። የኮንጎውም ክብ መሐሉ ላይ አግድም መስመር አለው። ያ መስመር ውሃ ነው፤ ካሉንጋ ይባላል። ሕያዋንንና ሙታንን የሚለየው እሱ ነው። በዚህ ብቻ አንድ ጋለሪ ይሞላል።

ወይም ጨርቅ። ወይም ሰው የጣለው ዕቃ። በዚህኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በጣም የምወደው ሥራ ያለው እዚህ ነው። ጄምስ ሃምፕተን ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ የመንግሥት ሕንፃ በሌሊት የሚያጸዳ ሠራተኛ ነበር። በ1950 አንድ ጋራዥ ተከራየ። ከሥራ ሲወጣ እዚያ ይገባል። አሮጌ የቤት ዕቃ፣ ካርቶን፣ የተቃጠለ አምፖል፣ የማርማላታ ጠርሙስ ይሰበስባል። ሁሉንም በወርቃማና በብርማ ፎይል ይጠቀልላል። በ1964 ሲሞት የጋራዡ በር ተከፈተ። ውስጡ ዙፋን ነበር። ዙፋን፣ መሠዊያ፣ አክሊል፣ ከመቶ በላይ ዕቃ፣ ግራና ቀኙ እኩል ሆኖ የቆመ። ከላይ «አትፍሩ» የሚል ጽሑፍ አለበት። ዛሬ በስሚዝሶንያን የአሜሪካ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። ጋራዡ የነበረበት ሰፈር የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ከበዙበት መንገድ ብዙም አይርቅም። ዲሲ የምትኖሩ ሄዳችሁ እዩት። ፎይሉ አንዳንድ ቦታ ላይ ተሸብሽቧል፤ ጠጋ ስትሉ የጣት ሥራ መሆኑ ይታያል።

ለአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ዋና ሥራ የሚያውስ የለም። አትዘኑ። ስሚዝሶንያን በ2020 በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምስሎቹን በነፃ ለሕዝብ ከፍቷል። የምትፈልጉት ምስል ከነዚያ መሆኑን ግን አንድ በአንድ አረጋግጡ። የቀረውን ከአካባቢያችሁ አርቲስቶችና ከቤተሰቦች ተዋሱ። ከልምዴ ሰው ረጅም ሰዓት የሚቆመው ጎረቤቱ ያዋሰው ዕቃ ፊት ነው።

ከቤተ መጻሕፍቱ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ

የጋለሪ ቀን ቶሎ ይያዛል። ዘጠኝ ወር ወይም አንድ ዓመት ቀድማችሁ ጠይቁ። ስትሄዱ የኤግዚቢሽን ደንባቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ምስማር ይፈቀዳል ወይስ ከጣሪያ በሚወርድ ሽቦ ብቻ ነው የሚሰቀለው? የመስታወት ሣጥኑ ይቆለፋል? ቁልፉ ማን ጋ ነው? ፀሐይ በየትኛው ሰዓት በየትኛው መስኮት ትገባለች? ይህን የመጨረሻውን ሰው አትጠይቁ፣ ጠዋትና ከሰዓት ራሳችሁ ሄዳችሁ እዩ።

አሜሪካ ውስጥ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመንግሥት ተቋም ነው። ስለ እምነት ማሳየትና ማስተማር ይችላል፤ አምልኮ መምራት ግን ሥራው አይደለም። ይህን ከመጀመሪያው ለሁለቱም ወገን ግልጽ ካደረጋችሁ ኋላ ላይ ቅሬታ ሲመጣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ መልስ አያጣም።

ዕቃውን ሳይሆን መጀመሪያ ባለቤቱን ፈልጉ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው። ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ለእኛ ሰው ለማስረዳት ቀላል ምሳሌ አለ፤ ታቦት። ታቦት ሲወጣ ተሸፍኖ ነው የሚወጣው፣ ካህን እንጂ ማንም አይነካውም። የብሪቲሽ ሙዚየም ከመቅደላ የተወሰዱትን ጨምሮ አሥራ አንድ ታቦታት አሉት፣ ለሕዝብ ግን አያሳያቸውም። አንድ ሰው ታቦት አውጥቶ በመብራት ሥር ቢደረድር ምን ይሰማን ነበር? እንግዲህ የሃይቲ፣ የኩባ፣ የብራዚል ሰዎችም ለሁሉም ዓይን የማይገባ የሚሉት ነገር አላቸው። እኛ ስለማናውቀው የለም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ዕቃ ከመቀበላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ሊያየው ይችላል? ከምን ጋር ጎን ለጎን መሆን የለበትም? በምን አኳኋን ነው የሚቀመጠው? የሚነግሯችሁን ጻፉ፣ መልሳችሁም አንብቡላቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት ሰው አስቀይሜ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ኤግዚቢሽኖች በአንዱ አንዲት የሃይቲ እናት የቮዱ (የሃይቲ ሕዝብ እምነት ነው) ባንዲራ አዋሱን። ባንዲራው ባለ እባብ ነው፤ እባቡ ዳምባላ የሚባለው መንፈስ ነው፣ ነጭና ንጹሕ ነገር የሚወድ። እኛ ያየነው የግድግዳውን ስፋት ብቻ ነበር። በመክፈቻው ቀን እናትየዋ ነጭ ለብሰው መጡ። ባንዲራቸው ፊት ቆሙ። ከዚያ ጎኑ ያለውን በር አዩ። የመጸዳጃ ቤት በር ነበር።

«እዚህ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ሌላ ቃል አልተናገሩም። በዚያው ምሽት አውርደን ሌላ ግድግዳ ላይ ሰቀልነው፣ እሳቸው ቆመው ቦታውን አሳዩን። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። እጄን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። አስቀድሜ ብጠይቃቸው በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

እሺ ከማለት በፊት «ይህንን ግን አታሳዩ» ቢሏችሁ አትከራከሩ። ፎቶውንም አትለጥፉ። ባዶውን ቦታ በሌላ ሥራ ሙሉት።

የሠሪውን ቃል በሠሪው አፍ መዝግቡ

ሃሪየት ፓወርስ በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት ተወለደች። ነፃ ከወጣች በኋላ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮችን በቁርጥራጭ ጨርቅ ብርድ ልብስ ላይ ሰፋች። አንዲት የሥዕል አስተማሪ አይታው ልትገዛው ጠየቀች። ሃሪየት መጀመሪያ እምቢ አለች። በ1891 ችግር ሲጠናባት ዐሥር ዶላር ጠይቃ በአምስት ሸጠችው። ከዚያ በኋላ ብርድ ልብሱን ለማየት ወደ ገዢዋ ቤት ተመላልሳለች።

ገዢዋ አንድ ትልቅ ነገር አደረገች። አሥራ አንዱ ክፍል እያንዳንዱ ምን እንደሚል ሃሪየትን እየጠየቀች ጻፈችው። ዛሬ ስሚዝሶንያን ያለውን ያንን ብርድ ልብስ ማንበብ የምንችለው በዚያ ወረቀት ነው። ያም ቢሆን የሃሪየት ቃል የደረሰን በሌላ ሰው ብዕር ነው።

እናንተ ጋ ስልክ አለ። አዋሹ ቤት ሂዱ፣ ሻይ ጠጡ፣ ፈቃድ ጠይቁና ቅዱ። ማን ሠራው፣ የት፣ ለየትኛው በዓል፣ የትኛው ቀለም ለምን? የሚተርክ ሰው አታቋርጡ። ስሙን በራሱ አጻጻፍ አስጽፉ። የሠሪው ስም ካልታወቀ «ስማቸው ያልተመዘገበ» በሉ። «የማይታወቅ» ከሚለው ይልቅ ጥፋቱ የመዝጋቢው መሆኑን ያሳያል።

ወረቀት

የውሰት ውል ለአንዲት ትንሽ መቁጠሪያም ቢሆን ይፈረም። የዕቃው ስም፣ መጠን፣ ግምት፣ የሚወሰድበትና የሚመለስበት ቀን፣ ፎቶ ማንሣት ይፈቀድ ወይስ አይፈቀድ። ኢንሹራንሱ ከአዋሹ ግድግዳ ተነሥቶ እዚያው እስኪመለስ ድረስ ያለውን መንገድ ሁሉ ይሸፍን። ብዙ ጊዜ ሕንፃው ውስጥ ብቻ ነው የሚሸፍነው፣ ዕቃ የሚጎዳው ግን መኪና ውስጥ ነው። ዕቃውን ስትረከቡ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሡ፤ የተላቀቀ ክር፣ ጭረት፣ እድፍ ካለ አዋሹ ፊት መዝግቡ።

ብርሃን፣ አየር፣ ተባይ

ጨርቅ፣ ወረቀትና የውሃ ቀለም 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ይበቃቸዋል። የዘይት ቀለምና አክሪሊክ እስከ 200 ይችላሉ። ሉክስ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ በርካሽ ይገኛል፤ የስልክ አፕ ለግምት ይሆናል። 50 ሉክስ ሲነግሩን ጨለማ ይመስለናል፣ ዓይን ግን ይለምዳል። መንገዱን ከደማቅ ወደ ደብዛዛ ካደረጋችሁት ማንም አያማርርም። ቀጥታ ፀሐይ በምንም መልኩ እንዳይነካው። መስኮቱ ላይ አልትራቫዮሌት የሚከላከል ፕላስቲክ ይለጠፍ። ጨርቅ ከሦስት ወር በላይ አታቆዩ።

እርጥበቱ ከ40 እስከ 55 በመቶ መሐል ቢሆን ጥሩ ነው። ዋናው ነገር ቶሎ ቶሎ አለመለዋወጡ ነው። ስለዚህ ከማሞቂያው አጠገብ ምንም አትስቀሉ።

ከቤት የመጣ ጨርቅ ብል ይዞ ሊመጣ ይችላል። የመጻሕፍት ቤት ውስጥ ደግሞ ተባይ ቀልድ አይደለም። ስትቀበሉ በንጹሕ ፕላስቲክ አሽጋችሁ ለብቻ አስቀምጡትና ለጥቂት ሳምንት እየተመላለሳችሁ እዩት። ተራ ጨርቅ በማቀዝቀዣ ማከም ይቻላል፤ ዶቃና ቀለም ያለበትን ግን ያለ ባለሙያ አታስገቡ።

አሁን ባንዲራው። የሃይቲ የቮዱ ባንዲራ ከሩቅ ሥዕል ይመስላል። ጠጋ በሉ። እያንዳንዱ አብረቅራቂ ክብ የምስር ፍሬ ያክላል። መሐሉ ላይ ቀዳዳ አለ፣ በቀዳዳው ላይ አንዲት ደቃቅ ዶቃ ቁጭ ብላለች፣ ክሩ በዶቃዋ ዞሮ ይመለሳል። እንዲህ እየሆነ ብዙ ሺህ። የዚህ ጥበብ ስመ ጥር ሚርላንድ ኮንስታንት መጀመሪያ ከእናቷ ጋር የሙሽራ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። የዶቃ አሰፋፉን ያመጣችው ከዚያ ነው። በ2023 ሎስ አንጀለስ ያለው ፋውለር ሙዚየም ሥራዎቿን ለብቻ አሳይቷል።

ይህ ሁሉ ዶቃ ከባድ ነው። በሁለት ጥግ ብቻ ከሰቀላችሁት በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ከኋላው በላይኛው ጠርዝ በሙሉ የጥጥ ጨርቅ እጀታ ይሰፋበት፣ በእጀታው ውስጥ ጠፍጣፋ እንጨት ይግባ፣ ክብደቱ እኩል ይከፈል። ስፌቱን ልምድ ያለው ሰው ይስፋው፣ አዋሹም ይፍቀድ። አትጠፉት። ሲጓዝ ዶቃው ወደ ውጭ ሆኖ ሰፊ ቱቦ ላይ ይጠቅለል፣ መሐሉ አሲድ የሌለው ወረቀት ይነጠፍ።

ለሌላው ሁሉ የሥራው መሐል ከወለሉ 145 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ላይ ይዋል። መግለጫው በዊልቼር ለሚመጣ ሰውም ዝቅ ይበል።

መሠዊያ ሠርታችሁ አታስመስሉ

ብዙ አሰናጆች እዚህ ይሳሳታሉ። ከገበያ ሻማ፣ ዶቃና የቅዱሳን ሥዕል ገዝተው ጥግ ላይ ይደረድሩና «የሳንቴሪያ መሠዊያ» (ሳንቴሪያ የኩባ እምነት ነው) ብለው ይጽፋሉ። ይህ ድራማ ነው። መሠዊያ ከፈለጋችሁ የእምነቱ ሰው ይጋበዝ፣ ይከፈለው፣ ራሱ ይሥራው፣ ሲያበቃም ራሱ ያንሣው። ካልተገኘ ዕቃዎቹን እንደ ዕቃ አሳዩ፣ ቦታቸውንም በፎቶና በቃል አስረዱ።

ሠሪው ሲመጣ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ደንብ ጋር አስቀድማችሁ አስማሙት። እሳት አይፈቀድም፤ በባትሪ የሚበራ ሻማ ይሆን እንደሆነ ጠይቁት። ምግብ ተባይ ይጠራል። ፍራፍሬ በመክፈቻው ቀን ብቻ ተቀምጦ ማታ ይነሣ። ውሃ በብርጭቆ ከሆነ በየስንት ቀኑ እንደሚቀየርና የት እንደሚደፋ ሠሪው ይንገራችሁ። በቮዱ መሬት ላይ በበቆሎ ዱቄት የሚሣል ቬቬ የሚባል ምልክት አለ። ወለል ላይ ይሣል ከተባለ የጽዳት ሠራተኞቹን በስም አግኝታችሁ ንገሯቸው። ማስታወሻ ብቻ አትተዉላቸው።

መግለጫ ጽሑፍ

አንድ መግለጫ ከ50 እስከ 75 ቃል ይበቃዋል። ፊደሉ ከ18 ነጥብ አይነስ። ለሠሪው አንብቡለት፤ የማያምንበትን አውጡ።

በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ከባድ ልመና አለኝ። ቮዱን «ጥንቆላ» ብላችሁ አትተርጉሙ። የብራዚሉን እምነት ካንዶምብሌንም «ዛር» አትበሉ። ስሙን እንዳለ ጻፉና ምን እንደሆነ አስረዱ። ቮዱ በሃይቲ በ2003 በመንግሥት እውቅና ያገኘ እምነት ነው። በ1791 የባሮቹ አመፅ ሲጠነሰስ በጸሎቱ ውስጥ ነበር፤ ያ አመፅ በ1804 ነፃ አገር ወለደ። ይህን ያላወቀ ጎብኚ ፊልም ላይ ያየውን አሻንጉሊትና መርፌ ይዞ ይመጣል። የእናንተ 60 ቃል ከዚያ ጋር ነው የሚታገለው።

የቅዱሳን ሥዕልም ማብራሪያ ይፈልጋል። የሃይቲ ቤት ውስጥ የቅዱስ ፓትሪክ ሥዕል ብታዩ ከእግሩ ሥር እባቦች አሉ፤ በዚያ ምክንያት ዳምባላ በእሱ በኩል ይከበራል። ኩባ ላይ የነጎድጓዱ መንፈስ ሻንጎ በቅድስት ባርባራ በኩል። የባሪያ ጌቶች ሲከለክሉ ሰው እምነቱን በተፈቀደለት ሥዕል ሥር ይዞ ቆየ። ዛሬ ለብዙዎቹ ሁለቱም እውነት ናቸው። «መደበቂያ ብቻ ነበር» ብላችሁ አትዝጉት።

የእኛ ምእመናን ጎብኚዎች ቅር ይላቸው ይሆን? አንዳንዶቹን አዎ። እኔ ያገኘኋቸው አንድ አባት በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጄ፣ ይህ ለኛ ይገባል?» አሉኝ። «አባ፣ ይግቡና ይዩ፣ ስገዱ የሚል የለም» አልኳቸው። ገቡ። ረጅም ሰዓት የቆዩት የሃሪየት ብርድ ልብስ ፎቶ ፊት ነበር። የያዕቆብን ሕልም ለልጅ ልጃቸው እያሳዩ።

ኢትዮጵያ የምትገባበት ቦታ

በግድ አታስገቧት። እውነተኛው ግንኙነት ራሱ ብዙ ነው። «ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች» የሚለው መዝሙር ለጥቁር አሜሪካውያን የተስፋ ቃል ነበር። ኒው ዮርክ ላይ አቢሲኒያን የሚባለው የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን የተመሠረተው በ1808 ነው። ሎይስ ማይሉ ጆንስ በ1932 «የኢትዮጵያ ዕርገት» የተባለውን ሥዕል ሣለች፤ በኋላ ደግሞ የሃይቲን የቮዱ ምልክቶች ወደ ሸራዋ አመጣች። እሷ ባስተማረችበት በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የእኛው እስክንድር ቦጎሲያን ከ1970ዎቹ ጀምሮ አስተምሯል። የእስክንድር ሥዕል ውስጥ የብራና ክታባችን ዓይኖች አሉ፣ የምዕራብ አፍሪካም መንፈስ አለ። ክታብና ቬቬ ጎን ለጎን ፎቷቸው ቢሰቀል ጎብኚው ራሱ ያነጻጽራል። አንድ ናቸው ብላችሁ ግን አትጻፉ።

መጻሕፍቱን አውርዱ

ሙዚየም የሌለው የእናንተ ሀብት ይህ ነው። አንድ ጠረጴዛ ጋለሪው ውስጥ አስገቡ። ዲዊ በሚባለው የቤተ መጻሕፍት የቁጥር አመዳደብ የጥበብ መጻሕፍት 700ዎቹ ውስጥ ናቸው፤ ከአፍሪካ የመነጩ እምነቶች 299.6 አካባቢ። ሰው ሁለቱን መደርደሪያ አገናኝቶ አያይም፤ እናንተ አገናኙለት። የልጆችም አይቅር። ተውሶ ወደ ቤት መውሰድ እንደሚቻል በትልቁ ጻፉ።

ሲፈታ

መክፈቻ ላይ ሃያ ሰው ይረዳችኋል። መፍቻው ቀን ሁለት ትሆናላችሁ። ስለዚህ የመፍቻውን ቀን ከመክፈቻው ጋር አንድ ላይ ቅጠሩ። ዕቃውን ከመጀመሪያው ፎቶ ጋር እያስተያያችሁ መርምሩ። የወደቀ ዶቃ ካለ በትንሽ ፖስታ አድርጋችሁ ስሙን ጻፉበት፤ አትጣሉት። የድምፅ ቅጂውንም ለቤተሰቡ ስጡ።

በፖስታ አትላኩ፣ ራሳችሁ መልሱ። ያቺን የዳምባላ ባንዲራ እኔ ራሴ ወሰድኳት። እናትየዋ ጠረጴዛቸው ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው ጠበቁኝ። ከቱቦው ቀስ ብለን ፈታናት። በመዳፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሷት፣ እንደ ልጅ ፀጉር። ከዚያ ወንበር ላይ ቆሜ ከነበረችበት ምስማር ላይ እንድሰቅላት ነገሩኝ፣ እሳቸው ከታች ሆነው «ትንሽ ወደ ግራ» እያሉ።